ከታች ወደ ላይ፦ የ«ትሪለር» ሰባት ነጠላ ዜማዎች እንዴት ደረጃ ይወጣላቸዋል?

ጨዋታው

የአንድ ዘፋኝ አድናቂዎች አንድ ላይ ከተቀመጡ ይህ ጨዋታ አይቀርም። የዘፋኙን ነጠላ ዜማዎች ይዘረዝሩና ከደካማው ተነስተው እስከ ምርጡ በደረጃ ያስቀምጧቸዋል። ሲጀምሩት ቀላል ይመስላል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን አንዱ ይቆጣል፣ ሌላው ስልኩን አውጥቶ «እስቲ ስሙትና ፍረዱ» ይላል፣ ሦስተኛው «ድሮም አንተ ጆሮ የለህም» ብሎ ነገሩን ወደ ግል ያዞረዋል። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ዝርዝር የዘፈኖቹ ውጤት ይሁን የተከራካሪዎቹ ጉልበት ለመለየት ያስቸግራል።

እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ደረጃ አወጣጥ ሳስተምር ይህንኑ ጨዋታ እጠቀማለሁ። ተማሪ ስለ ድምፅ አቆጣጠር ቀመር ሲነገረው ያንቀላፋል፤ ስለ ዘፈን ከሆነ ግን ተከራክሮ አይጠግብም። ለማስተማሪያ የምመርጠው የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» አልበም ነው። ነጠላ ዜማዎቹን የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል፤ ቁጥራቸው ሰባት ብቻ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ገበያው የሰጣቸው ደረጃና አድናቂው የሚሰጣቸው ደረጃ ሆድና ጀርባ ናቸው።

የምለው ባጭሩ ይህ ነው፤ የዝርዝሩ ታች በስምምነት ይወሰናል፣ መሃሉ በስሜት፣ አናቱ ደግሞ በአቆጣጠር ዘዴው። አንደኛ ማን ይሁን የሚለው ጭቅጭቅ ላይ ላዩን ስለ ዘፈን ይመስላል፤ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ስለ ቆጠራ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት አንዷን ትቼ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምን ምን ይቆጠራል?

ነጠላ ዜማ ከአልበሙ ተለይቶ ለብቻው ለገበያና ለሬዲዮ የሚወጣ ዘፈን ነው። በሸክላ ዘመን ይህ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነበር፤ በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞር ትንሽ ሸክላ፣ በአንዱ ፊቷ ዋናው ዘፈን፣ በሌላው ፊቷ አጃቢው። አዲስ አበባ ውስጥ በ1969 ሥራ የጀመረው አምሃ ሪከርድስ የእነ አለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች ያወጣው በእንዲህ ዓይነቶቹ ትንንሽ ሸክላዎች ነበር። ካሴት ሸክላን ሲተካ እኛ ጋ ነጠላ ዜማ ለረጅም ጊዜ ተዳከመ፤ ዘፋኙም የሚሠራው፣ አድማጩም የሚገዛው ሙሉ ካሴት ሆነ። በአሜሪካና በእንግሊዝ ግን ነጠላው ከአልበሙ ጎን ለጎን ኖረ፤ የአልበሙ አስተዋዋቂም እሱ ነበር።

«ትሪለር» በኖቬምበር 1982 መጨረሻ ላይ በኤፒክ ኩባንያ በኩል ወጣ። ፕሮዲውሰሩ ኩዊንሲ ጆንስ ነው። ዘጠኝ ዘፈኖች አሉት፤ ሰባቱ በነጠላ ወጡ። ያልወጡት «ቤቢ ቢ ማይን» እና «ዘ ሌዲ ኢን ማይ ላይፍ» ናቸው። ሁለተኛውን አጥብቆ የሚወድ ተማሪ በየክፍሉ ይገኛል፤ በደንባችን መሠረት ግን ከጨዋታ ውጪ ነው።

ድንበሩ ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ያለ አይደለም። «ሂዩማን ኔቸር» በአሜሪካ ነጠላ ሆኖ ሲወጣ በእንግሊዝ አልወጣም፤ ስለዚህ የለንደን አድናቂ «ስድስት ናቸው እንጂ ሰባት አይደሉም» ብሎ ቢሟገት የሚይዘው ነገር አለው። «ሴይ ሴይ ሴይ» ደግሞ ማይክል ከፖል ማካርትኒ ጋር የዘፈነው፣ በኦክቶበር 1983 የ«ትሪለር» ዘፈኖች በየተራ እየወጡ ሳለ የተለቀቀና ለስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ የቆየ ነጠላ ዜማ ነው። አልበሙ ግን የማካርትኒ ስለሆነ እዚህ አይገባም።

«ዊ አር ዘ ወርልድ»ስ? ለ1977ቱ ረሃብ (ይህችን ብቻ በእኛ አቆጣጠር ፍቀዱልኝ) ማይክልና ላየነል ሪቺ የደረሱት፣ ኩዊንሲ ጆንስ ፕሮዲውስ ያደረገው፣ በጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ሌሊት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኮከቦቹ ተሰብስበው የተቀረጸው ዘፈን ነው። ሸክላው ላይ የተጻፈው ስም «ዩ ኤስ ኤ ፎር አፍሪካ» ስለሆነ አድናቂዎች ከማይክል ዝርዝር ብዙ ጊዜ ያስወጡታል። እኔም አስወጣዋለሁ፤ ምክንያቴ ግን ይለያል። ያንን ዘፈን አንድ ኢትዮጵያዊ እንደ ማንኛውም ዘፈን ሰምቶ ነጥብ ሊሰጠው ይቸገራል።

ገበያው የሰጠው ደረጃ

የቢልቦርድ መጽሔት «ሆት 100» በዚያን ጊዜ የሸክላ ሽያጭንና በሬዲዮ የመተላለፍ ብዛትን አዋህዶ የሚያወጣ ሳምንታዊ ሰንጠረዥ ነበር። ሰባቱም ዘፈኖች አሥሩ ውስጥ ገቡ፤ ከዚያ በፊት አንድም አልበም ይህን አልቻለም ነበር።

በወጡበት ቅደም ተከተል እንያቸው። «ዘ ገርል ኢዝ ማይን» 2ኛ ደረሰ፣ «ቢሊ ጂን» 1ኛ፣ «ቢት ኢት» 1ኛ፣ «ዋና ቢ ስታርቲን ሳምቲን» 5ኛ፣ «ሂዩማን ኔቸር» 7ኛ፣ «ፒ ዋይ ቲ» 10ኛ፣ በመጨረሻ የወጣው «ትሪለር» 4ኛ። «ቢሊ ጂን» በ1983 ማርች ገደማ ለሰባት ሳምንት ወንበሩን ይዞ ቆየ፤ ከዚያ የዴክሲስ ሚድናይት ራነርስ «ካም ኦን አይሊን» ለአንድ ሳምንት መሃል ገባና «ቢት ኢት» ተረክቦት ሦስት ሳምንት ነገሠ።

እነዚህን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጽፌ ተማሪዎቼን የምጠይቀው «ምን ይታያችኋል?» ብዬ ነው። ቶሎ የሚታየው መውረዱ ነው፤ 1፣ 1፣ 5፣ 7፣ 10። ዘፈኖቹ እየደከሙ ስለመጡ ነው? የግድ አይደለም። አራተኛው ነጠላ ሲወጣ አልበሙን በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ገዝቶ ቤቱ አስገብቶታል። ቤቱ ያለውን ዘፈን ለብቻው ለመግዛት ኪሱ የሚገባ ጥቂት ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ የሚለካው የዘፈኑን ጥራት ብቻ ሳይሆን አልበሙ ምን ያህል እንደተዳረሰም ነው። ይህንን ካወቅን ሰባተኛው ነጠላ ተመልሶ 4ኛ መውጣቱ ጉድ ያሰኛል፤ አልበሙ ዓመት ካለፈው በኋላ ማን ገዛው? ወደዚያ እንመለሳለን።

የመጀመሪያው ነጠላ ግን የተገላቢጦሽ ነው። «ዘ ገርል ኢዝ ማይን» በኦክቶበር 1982 ሲወጣ አልበሙ ገና አልነበረም። አዲሱን የማይክል ድምፅ መስማት የፈለገ ሰው ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ይህ ጥቅም ሁለተኛ ደረጃ ላይ እንዲቀመጥ እንደረዳው ግልጽ ነው።

ብዙዎች የሚስማሙበት መጨረሻ

ገበያው ሁለተኛ ያደረገውን ይህን ዘፈን አድናቂዎች ከሞላ ጎደል በአንድ ድምፅ ሰባተኛ ያደርጉታል። እንዲህ ዓይነት ስምምነት በሌላው የዝርዝሩ ክፍል አይገኝም፤ ስለዚህ ምክንያቱን መመርመር ተገቢ ነው።

ዘፈኑ ከማካርትኒ ጋር በመቀባበል የተዘፈነ ነው። ሁለት ወንዶች ለአንዲት ልጅ ይከራከራሉ፤ ወደ መጨረሻው ላይ ዜማውን ትተው በንግግር ይወራረፋሉ። ኩባንያው ይህን አስቀድሞ ማውጣቱ የንግድ ስሌት ነበረው፤ የቀድሞ የቢትልስ አባል ያለበትን ዘፈን የትኛውም የአሜሪካ ሬዲዮ አላጫውትም አይልም። የነጭ አድማጭ ጣቢያም ይሁን የጥቁር በሩን ይከፍታል። ስሌቱ ሠርቷል።

ዛሬ ሲሰማ ግን ጸቡ ጸብ አይመስልም። ሁለቱ ሰዎች በዚያን ጊዜ ከዓለም ዝነኞች መካከል ናቸው፤ አንዱም ልጅቷን ቢያጣ የሚጎዳ አይመስልም። ንግግሩ ውስጥ ያለው ፈገግታ ያሳብቅባቸዋል። ማይክል በ«ቢሊ ጂን» ውስጥ ሲጨነቅ ጭንቀቱ ይጋባባችኋል፤ እዚህ ግን ሲቀልድ ቀልዱ ከእነሱ አልፎ አይመጣም።

አጃቢዎቹን ስታዳምጡ ደግሞ ሌላ ነገር ይገባችኋል። ከበሮውን የሚመታው ጄፍ ፖርካሮ፣ ጊታሩን የያዘው ስቲቭ ሉካተር ነው፤ የቶቶ ባንድ ሰዎች። አንድም የተዛነፈ ምት የለም። ይህን የማነሳው «ደካማ» የሚለው ቃል ተማሪን ስለሚያሳስት ነው። በዚህ ጨዋታ መጨረሻ የወጣ ዘፈን ተበላሽቶ የተሠራ መሆን የለበትም። ታች የሚወርደው ጠበቃ ያጣ ዘፈን ነው፤ አንድ ሰው ተነስቶ «ይህ የእኔ ነው፣ አትንኩብኝ» የማይልለት። ስምምነቱም የመጣው ከዚህ ነው፤ ሰባተኛ ሲያደርጉት ማንም አይከፋም።

መሃሉ

ከሰባተኛው በላይ ሰላም የለም።

«ፒ ዋይ ቲ»ን እንውሰድ። በሰንጠረዡ ከሰባቱ ዝቅተኛው፣ 10ኛ ነው። ጄምስ ኢንግራምና ኩዊንሲ ጆንስ ደርሰውታል፤ የማይክል እህቶች ጃኔትና ላቶያ በአጃቢ ድምፅ ውስጥ አሉ። ማይክል መድረክ ላይ አንድም ጊዜ አልተጫወተውም። ይህ ሁሉ ታች ሊያደርገው የሚገባ ይመስላል፤ ነገር ግን ለጭፈራ የተሠራ ደስተኛ ዘፈን ስለሆነ በሠርግና በልደት ቤት እስከዛሬ ይደመጣል፤ በ1983 ያልተወለደ ወጣት አንደኛ ሲያደርገው አይቻለሁ።

«ዋና ቢ ስታርቲን ሳምቲን» የአልበሙ መክፈቻ ነው፤ ስድስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሐሜትና ነገር ስለሚያቀጣጥሉ ሰዎች የተዘፈነ፣ ውስጡ ቁጣ ያለበት ጭፈራ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው የመዘምራን ዝማሬ ከካሜሩናዊው ማኑ ዲባንጎ «ሶል ማኮሳ» (1972) የተወሰደ ነው፤ ሳይጠየቅ በመወሰዱ ዲባንጎ ተከራክሮ ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። አፍሪካዊ አድማጭ ያንን ክፍል ሲሰማ የሚሰማውን ኩራትና ቅሬታ ሌላው አድማጭ የሚያውቀው አይመስለኝም። ያ ስሜት ለዘፈኑ ነጥብ ይጨምርለታል ወይስ ይቀንስበታል? ክፍሌ በዚህ ላይ ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላል።

«ሂዩማን ኔቸር» ወደ አልበሙ የገባው በዕድል ነው። የቶቶው ስቲቭ ፖርካሮ ትንሽ ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ መትቷት አልቅሳ ስትመጣና «ለምን?» ብላ ስትጠይቀው፣ እሱ ከመለሰላት መልስ የዘፈኑን ፍሬ ነገር አገኘ። ዜማውን በደፈናው እያንጎራጎረ ካሴት ላይ ቀዳው። ያው ካሴት የቶቶው ዴቪድ ፔይች ለኩዊንሲ ጆንስ ዘፈን ለማቅረብ የላከው ሆነ። ጆንስ ቀድሞ የታሰበለትን ሰምቶ ሳያጠፋው ቴፑ መሄዱን ቀጠለና መጨረሻ ላይ ያለችው ይህች ያልተጠናቀቀች ዜማ ጆሮውን ያዘችው። ግጥሙን ጆን ቤቲስ አጠናቀቀው፤ «ካሩሰል» የሚባል አስቀድሞ የተቀዳ ዘፈን ወጥቶ ይህ ገባ። በ1985 የጃዝ ሙዚቀኛው ማይልስ ዴቪስ በጥሩምባ ተጫወተው። ማይልስ የሌላ ሰው ፖፕ ዘፈን ሲያነሳ ዜማው ውስጥ የሚመረምረው ነገር አግኝቶ ነው።

ይህ ዘፈን የደረጃ ጨዋታን የሚያስቸግር ዓይነት ነው። አንደኛ የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው። አምስተኛ ወይም ስድስተኛ የሚያደርገውም ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ዘፈን ዕጣው በምን እንደሚወሰን ከታች በቁጥር አሳያችኋለሁ።

በዓይን የተሰሙት

ከሰባቱ ቪዲዮ የተሠራላቸው ሦስት ብቻ ናቸው፤ «ቢሊ ጂን»፣ «ቢት ኢት»ና «ትሪለር»። አድናቂዎች አናት ላይ የሚያስቀምጧቸውም ብዙ ጊዜ እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። እንዲያው ገጠመኝ ነው የሚል ካለ ለማሳመን ይቸገራል።

«ትሪለር» ለዚህ ሁነኛ ማስረጃ ነው። የእንግሊዛዊው ሮድ ቴምፐርተን ድርሰት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ስሙ «ስታርላይት» ነበር። የአስፈሪ ፊልሞች ተዋናይ ቪንሰንት ፕራይስ መጨረሻው ላይ ይተርካል። ዘፈኑ ለአንድ ዓመት አልበሙ ውስጥ ተቀምጦ ነጠላ የመሆን ተስፋ አልነበረውም። በዲሴምበር 1983 ጆን ላንዲስ የመራው፣ ወደ 14 ደቂቃ የሚጠጋው ፊልም ሲታይ ነገሩ ተገለበጠ። ከመቃብር የወጡት ሙታን ሲጨፍሩ ያየ ሰው ዘፈኑን ከዚያ በኋላ ያለ ቀይ ጃኬቱ መስማት አልቻለም። ከላይ ያቆየሁት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ሰባተኛውን ነጠላ 4ኛ ያደረገው ፊልሙ ነው። በ2009 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ አስገባው፤ ከሙዚቃ ቪዲዮዎች የመጀመሪያው ነው።

«ቢት ኢት»ም ዓይን አለው። ቦብ ጂራልዲ በመራው ቪዲዮ ውስጥ ከዳንሰኞቹ ጋር የሎስ አንጀለስ የእውነት የወሮበላ ቡድን አባላት ተሳትፈዋል። እዚህ ግን ለጆሮም የተረፈ አለ፤ የኤዲ ቫን ሄለን የጊታር ሶሎ፣ ያውም ገንዘብ ሳይቀበል የተጫወተው። የሮክ አድማጭ ማይክልን ወደ ቤቱ ያስገባው በዚህ በኩል ነው።

ታዲያ ደረጃ ስናወጣ የምንመዝነው የምንሰማውን ነው ወይስ የምናስታውሰውን? ተማሪዎቼን ዓይናቸውን ጨፍነው «ትሪለር»ን እንዲሰሙ አደርጋለሁ። ባሱ ሲገባ ፈገግ የማይል የለም፤ ያየውን እያየ ነው። ፈተናው አይሠራም ማለት ነው፤ ያየነውን እንዳላየን ማድረግ አንችልም። ቢያንስ ግን ደንቡን አስቀድሞ መናገር ይቻላል፤ «ዛሬ የምንመዝነው ዘፈኑን ብቻ ነው» ወይም «ሁሉንም ነው» ብሎ መጀመር። ይህ ካልተባለ ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ሁለት ነገር ይመዝናሉ።

ዘጠኝ አድናቂዎች፣ ሦስት ዘፈኖች

አሁን ወደ ቆጠራው። ይህን ክፍል እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ዘጠኝ አድናቂዎች አሉ እንበል፤ ለማቅለል በሦስት ዘፈኖች ላይ ብቻ ይፍረዱ። አራቱ «ቢሊ ጂን»ን አንደኛ፣ «ሂዩማን ኔቸር»ን ሁለተኛ፣ «ትሪለር»ን ሦስተኛ ያደርጋሉ። ሦስቱ «ትሪለር»ን አንደኛ፣ «ሂዩማን ኔቸር»ን ሁለተኛ፣ «ቢሊ ጂን»ን ሦስተኛ ያደርጋሉ። የቀሩት ሁለቱ «ሂዩማን ኔቸር»ን አንደኛ፣ «ትሪለር»ን ሁለተኛ፣ «ቢሊ ጂን»ን ሦስተኛ ያደርጋሉ።

«አንደኛችሁን ብቻ ንገሩኝ» ብንል «ቢሊ ጂን» 4፣ «ትሪለር» 3፣ «ሂዩማን ኔቸር» 2 ያገኛሉ። «ቢሊ ጂን» አሸነፈ።

አሁን ለአንደኛ 3፣ ለሁለተኛ 2፣ ለሦስተኛ 1 ነጥብ እንስጥ። «ቢሊ ጂን» ከአራቱ 12፣ ከአምስቱ 5፣ በድምሩ 17 ነው። «ትሪለር» 4 ሲደመር 9 ሲደመር 4፣ እሱም 17። «ሂዩማን ኔቸር» 8 ሲደመር 6 ሲደመር 6፣ 20። ሁለት ሰው ብቻ አንደኛ ያደረገው ዘፈን በሦስት ነጥብ ልቆ ወጣ። ይህን ዘዴ በ1770 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው የባሕር ኃይሉ መሐንዲስ ዣን ሻርል ደ ቦርዳ ነው፤ እስከዛሬም በስሙ ይጠራል።

ሦስተኛ መንገድ አለ። በየዙሩ አነስተኛ የአንደኝነት ድምፅ ያገኘውን እንጣልና የደጋፊዎቹን ድምፅ ለቀጣይ ምርጫቸው እንስጥ። «ሂዩማን ኔቸር» በሁለት ድምፁ ይወድቃል፤ ሁለቱ ሰዎች ወደ «ትሪለር» ይሄዳሉ። «ትሪለር» 5 ለ 4 ያሸንፋል።

ያው ዘጠኝ ሰው፣ ያው ምርጫ፣ ሦስት አሸናፊ። ማንም ሐሳቡን አልቀየረም፤ ማንም አላጭበረበረም።

ይህ አላበቃም። አድናቂዎች «ከታች ወደ ላይ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት አራተኛውን መንገድ ነው፤ በየዙሩ «የማትወዱት የትኛው ነው?» ተብሎ ብዙ ድምፅ ያገኘው ይወጣል። በዚህ ዘዴ «ትሪለር» አራት ሰው ሲጠላው «ቢሊ ጂን»ን የሚጠሉት አምስት ናቸው። የመጀመሪያው ተባራሪ «ቢሊ ጂን» ሆነ ማለት ነው! በቀጥታ ድምፅ አንደኛ የወጣው ዘፈን ከታች ሲቆጠር የመጨረሻ ሆነ። ቀጥሎ «ሂዩማን ኔቸር» «ትሪለር»ን 6 ለ 3 ያሸንፈዋል።

ስለዚህ የምትጀምሩበት ጫፍ ውጤቱን ይለውጠዋል። ከላይ መጀመር ጥቂት ግን የጋለ ደጋፊ ያላቸውን ዘፈኖች ይጠቅማል፤ ከታች መጀመር ጠላት የሌላቸውን። በብዙ ሰው ሁለተኛ የሚባለው «ሂዩማን ኔቸር» ከታች በሚጀምር ጨዋታ ሩቅ የሚጓዘው ለዚህ ነው።

የቦርዳ ዘመን ሰው የነበረው ኮንዶርሴ በ1785 ሌላ ሐሳብ አቀረበ፤ ዘፈኖቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ማጋጠም። በእኛ ምሳሌ «ሂዩማን ኔቸር» «ቢሊ ጂን»ን 5 ለ 4፣ «ትሪለር»ን 6 ለ 3 ይረታል። ኮንዶርሴ ራሱ ያሳየው ችግር ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሀ ለን፣ ለ ሐን፣ ሐ መልሶ ሀን ሊረታ መቻሉ ነው። ከሰባት ዘፈን ጋር ይህን ብትሞክሩ 21 ግጥሚያ ይወጣችኋል፤ አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃም።

አንድ ነገር ልጨምር። ደረጃ ርቀትን ይደብቃል። በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ፀጉር የምታህል ልዩነት፣ በስድስተኛና በሰባተኛ መካከል ገደል ሊኖር ይችላል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ሁለቱም አንድ እርምጃ ናቸው። ተማሪዎቼ ከዝርዝሩ ጎን ከመቶ ነጥብ እንዲጽፉ የማዝዘው ለዚህ ነው። «ዘ ገርል ኢዝ ማይን» ሁልጊዜ ብቻውን ታች ቀርቶ ይገኛል።

29 ሰከንድ

«ቢሊ ጂን» በቆጠራ ጨዋታ እንዲህ ቢወድቅም በእውነተኛ ዝርዝሮች ላይ ብዙ ጊዜ አናት ላይ ይገኛል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ማይክል አፉን ከመክፈቱ በፊት ያለውን 29 ሰከንድ ማዳመጥ ይበቃል።

መጀመሪያ ንዱጉ ቻንስለር ከበሮውን ብቻውን ይመታል፤ ጌጥ የለውም፣ ቀጥ ያለ ምት ነው። ቀጥሎ የሉዊስ ጆንሰን ባስ ይገባና ሳያርፍ ይመላለሳል። ከዚያ ሲንተሳይዘሩ አጫጭር ኮርዶቹን በየቦታው ጣል ጣል ያደርጋል። ሦስት ነገር ብቻ፤ አንዱም ሌላውን አይሸፍንም። ኩዊንሲ ጆንስ መግቢያው ረዘመ፣ ይጠር ብሎ ነበር፤ ማይክል ግን እንድጨፍር የሚያደርገኝ እሱ ነው ብሎ አስቀረው። ጆንስ ርዕሱንም መቀየር ፈልጎ ነበር፤ ሰዎች የቴኒስ ተጫዋቿን ቢሊ ጂን ኪንግን ያስባሉ ብሎ።

የድምፅ መሐንዲሱ ብሩስ ስዊዲን ለዚህ ዘፈን 91 ሚክስ እንደሠራ ይናገር ነበር፤ መጨረሻ ላይ የተመረጠው ሁለተኛው ነው። ማይክል ከተደረቡት ድምፆች የተወሰኑትን የዘፈነው በረጅም የካርቶን ቱቦ ውስጥ ነው፤ ከሩቅ የሚመጡ የሚመስሉት ሹክሹክታዎች ሚስጥራቸው ይኸው ነው።

ከዚያ ሜይ 16 ቀን 1983 መጣ። የሞታውን የሸክላ ኩባንያ 25ኛ ዓመት ዝግጅት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ማይክል በዚህ ዘፈን መሃል ለጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ዓይን ነጥብ ይጨምራል ያልኩት እዚህም ይሠራል። ልዩነቱ ያንን መንሸራተት ያላየ ሰው እንኳ በዚህ ከበሮ ላይ ዝም ብሎ መቆም አለመቻሉ ነው።

የእኔ አደራደር

ተማሪ ሁሉ መጨረሻ ላይ «እርስዎስ?» ይላል። ደንቤ ይህ ነው፤ ዘፈኑ ብቻ፣ ቪዲዮ የለም፣ ሰንጠረዥ የለም።

ሰባተኛ «ዘ ገርል ኢዝ ማይን»፤ ክርክር የለውም። ስድስተኛ «ፒ ዋይ ቲ»፤ ደስ ይላል፣ ግን ሲያልቅ ያልቃል። አምስተኛ «ትሪለር»። እዚህ ላይ ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይሁን። ቪንሰንት ፕራይስን ሁለተኛ ጊዜ መስማት እንደ መጀመሪያው አያስፈራም፤ ሙታኑ ሲነሱበት ግን ዘፈኑ የሥራውን ግማሽ ለፊልሙ እንደተወለት ይሰማኛል። አራተኛ «ቢት ኢት»፣ በጊታሩ ምክንያት።

ሦስተኛና ሁለተኛ ላይ ረጅም ጊዜ አመነታለሁ። «ሂዩማን ኔቸር» ከሁለቱ የተሻለው ዜማ ነው። «ዋና ቢ ስታርቲን ሳምቲን» ግን አልበሙን ከፍቶ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ሳይደክም ይሮጣል፤ መጨረሻውም ከካሜሩን የተነሳ ዝማሬ ነው። ቅሬታዬን ይዤ ሁለተኛ አድርጌዋለሁ። አንደኛው «ቢሊ ጂን» ነው፤ ከመቶ ብጽፍ ከሁለተኛው በአንድ ነጥብ ይበልጣል።